ሁለቱ ማስፈልፈያዎች

በ1979 ዓ.ም. አምቦ ከተሬፋ ጋር በአንድ ዎርክሾፕ ስንሠራ ጭቅጭቃችን አያልቅም ነበር። ሁለታችንም የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻኖች ነን። ከተማው ዳር ለነበረች ትንሽ የዶሮ እርባታ ጣቢያ የእንቁላል ማስፈልፈያ እንድንሠራ ታዘዝን።

ተሬፋ ከምሥራቅ ጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ይዟት የመጣት አንዲት የፕሮሰሰር ሰሌዳ ነበረችው።

"ብርቅነሽ፣ ይቺ እኮ የታዘዘችውን ሁሉ ትሠራለች። ዛሬ ሙቀት ትጠብቃለች፣ ነገ ፓምፕ ታስነሳለች" ይለኛል።

"እኔ የምፈልገው ሙቀት ብቻ ነው። ፓምፑን ምን ላድርገው?"

አልተስማማንም፤ ሁለት ሣጥን ሠራን። የሱ በሰሌዳዋ የሚታዘዝ ነው። የኔ ከጥቂት ትራንዚስተሮች የበየድኩት፣ ሲቀዘቅዝ እንቁላሎቹን የሚያሞቁትን አምፖሎች ከማብራት፣ ሲሞቅ ከማጥፋት ሌላ ምንም የማያውቅ። ሁለቱንም ከእንጭኒ ገበያ በመጣ እንቁላል ሞላናቸው።

አንድ ቅዳሜ መብራት ሄደና ትንሽ ቆይቶ መጣ። የኔ ሣጥን ወዲያው ሥራውን ቀጠለ። የተሬፋ ሰሌዳ ግን ትእዛዙን በሙሉ ረስታ ቁጭ አለች፤ በላይዋ ባሉት ቁልፎች አንድ በአንድ እንደገና ካልተጻፈላት አትሠራም። ትእዛዙን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዘመድ ሠርግ ወንጪ ሄዷል። ሰኞ ሲመጣ እንቁላሎቹ ቀዝቅዘው ጠበቁት። አንዱን አንስቶ በመዳፉ እንደያዘ ብዙ ቆመ። ልስቅበት አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በዓመቱ ጣቢያው የዳክዬ እንቁላል አመጣ። የዳክዬ እንቁላል በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። የኔን ሣጥን ይህን ላስተምረው ብል ፈትቼ እንደ አዲስ መበየድ ሊኖርብኝ ነው። ተሬፋ ጥቂት መስመር ቀየረና ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ግን መብራት ይሄዳል ብሎ ከሣጥኑ አጠገብ አልነቀል አለ፤ ምሳውን እንኳ እዚያው ቆሞ ይበላል።

አሳዘነኝ። ከቆመ ሞተር ሳይክል ላይ ባትሪ ፈትቼ አመጣሁለት።

"ከዚህ ጋር አገናኛት። መብራት ቢሄድም አትረሳም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ገለቶሚ፣ ብርቄ" ብሎ በኦሮምኛ አመሰገነኝ። እስከዚያ ቀን ብርቄ ብሎኝ አያውቅም።

ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በጣቢያው ግቢ እየተወላገዱ ሲከታተሉ፣ ሁለታችንም ሥራ ፈተን እንደ ልጅ ስንስቅ ዋልን።

ብዙም ሳይቆይ ተሬፋ ወደ ነቀምት ተዛወረ፤ ሰሌዳዋንም ይዟት ሄደ። ዎርክሾፑ ጭር አለብኝ። ብየዳ ላይ ሆኜ "እስቲ አሁን ይሄን ሰሌዳህ ትችለዋለች?" እላለሁ ሳላስበው፤ ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው።