በአባቴ ጨርቅ የተወለወለ ሰማይ

ታኅሣሥ ላይ የሚዘንቡትን ተወርዋሪ ኮከቦች ለመቅረጽ ሦስት ሌሊት ለፋሁ። የሱቃችንን የጥበቃ ካሜራ ነቅዬ ሱሉልታ ግቢያችን ውስጥ በርሜል ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ሰማይ አቅንቼ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። የመጀመሪያው ሌሊት ደመና ሆነ፣ በሁለተኛው መብራት ጠፋ። በሦስተኛው ሰማዩም መብራቱም እሺ አሉኝና ተኛሁ።

ጠዋት ቪዲዮውን ከፈትኩት። እስከ ሌሊቱ አስር ተኩል ጥርት ያለ ሰማይና ሁለት ደብዛዛ የኮከብ ጭረት አለ። ኮከቦቹ የሚበዙት ከዚያ በኋላ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት አባቴ ለሱብሒ ሶላት ተነስቶ ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ካሜራውን አየው፤ ጤዛ ይዞታል። ሱቅ ውስጥ የዘይት ጀሪካን የሚወለውልበትን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ መስታወቱን ፈተገው፣ ፈተገው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ በሙሉ ቅባት ነው። ይህን እያየሁ አባቴ ያንኑ ጨርቅ በእጁ ይዞ ወደ ክፍሌ ገባ።

"አባ፣ በዚህ ጨርቅ ካሜራ ይወለወላል?"

"ቆሽሾ ነበር እኮ ሬሐና! ምስጋናሽ ይሄ ነው?"

ቪዲዮውን በንዴት ልዘጋው ስል ከጭጋጉ ውስጥ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ካሜራው አጠገብ ቆሞ በሹክሹክታ ኮከቦቹን ይቆጥራል።

"አስራ ሰባት... ሱብሓነላህ፣ ይቺ ደግሞ እንዴት ታምራለች! አስራ ስምንት..."

ቀና ብዬ አየሁት። ጨርቁን አጣጥፎ ወደ ኪሱ እየከተተ ነው።

"አታስቢ" አለኝ፣ "ዛሬም እወለውልልሻለሁ።"