ሳይጎተት የወደቀው ቅጥር

«ሲባጎ በመጽሐፉ ውስጥ የለም» አለች እህትየዋ እንደገና። «አንድም ቦታ የለም።»

«ኮላም የለም» አላት ወንድምየው ከሚፍቀው እንጨት ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ካርቶንም የለም። ካርቶኑን ግን ከጫማ ቤት ለምነሽ ያመጣሽልኝ አንቺው ነሽ፣ እትዬ።»

«ካርቶንና ሲባጎ አንድ አይደሉም። ካርቶን ዝም ብሎ ይቆማል። ሲባጎ ይዋሻል።»

ክርክሩ ከጠዋቱ ጸሎት ጀምሮ ሲንከባለል ውሎ የምሳ ሰዓት ደርሷል። እሷ የትምህርት ቤቱ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህርት ናት። እሱ ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ኮላ ኮላ በምትሸት ክፍል ዲዛይንና ቴክኖሎጂ ያስተምራል። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስገኘችለት እሷ ናት። ፀጉሩ መሸበት ቢጀምርም እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። ተማሪዎቹ ግን «ብርጭቆ ወረቀት» ብለው ሰይመውታል፤ ምንም ነገር ሠርተው ቢያሳዩት «ትንሽ ይቀረዋል፣ ፈግፍጉት» ስለሚል።

በወላጆች ቀን አምስተኛ ክፍሎች የኢያሪኮን ቅጥር እንዲያሳዩ ተወስኗል። መዞሩንና መለከት መንፋቱን እህትየዋ ታለማምዳለች፤ ቅጥሩን ሠርቶ መጣሉ የወንድምየው ድርሻ ነው። ልጆቹ ካርቶኖቹን በአንድ ጣውላ ላይ ደረደሩ፤ ከጣውላው ሥር ደግፎ የሚያቆመው ቁራጭ እንጨት፣ ሽብልቅ፣ አስገቡ፤ ሽብልቁ ላይ ሲባጎ አሰሩ። አንዲት ልጅ መጋረጃ ሥር ተደብቃ ስትስበው ቅጥሩ በየጊዜው ያለ ስህተት ይወድቃል። እህትየዋን ያስቆጣት ይኸው አለመሳሳቱ ነው።

«ያቺ ልጅ» አለች፣ «ዕድሜዋን ሙሉ ተአምር በተነገረ ቁጥር መጋረጃ ሥር ማን እንዳለ ነው የምታየው።»

እሱ መፋቁን ቀጠለ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ርእሰ መምህርቷ ይህ ትምህርት ፍሬው በወላጆች ቀን ይታያል፣ ካልታየ ግን ክፍሉ ለትምህርት ቤቱ መዘምራን ይሰጣል፣ የእሱም ውል አይታደስም ብለውታል። የመዘምራኑ አሠልጣኝ ከወዲሁ መጥቶ ክፍሉን ለክቷል። ሜትሩን የተዋሰው ከመምህሩ ከራሱ ነው።

ነገሩ ርእሰ መምህርቷ ዘንድ ደረሰ። ሁለቱንም በትዕግሥት አዳመጡና «ይውደቅ፤ ግን ማንም አይጎትተው» ብለው ፈረዱ። ያስታረቁ መስሏቸው ደስ አላቸው።

መምህሩ ፍርዱን ወደ ክፍል ይዞ ሄዶ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፦ ማንም ሳይነካው በሰባተኛው ዙር የሚወድቅ ቅጥር። ልጆቹ ወደዱት። በዚያ ክፍል ልማዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ይሳላል፣ ከዚያ ይሠራል፣ ከዚያ ይሞከራል። ሲሰበር ማንም አያዝንም፤ ለምን እንደተሰበረ መናገር ያልቻለ ግን ወደ ቤቱ አይሄድም። አንዱ ድመት እናስገባ አለ። ድመቷ እስከ ሰባት ለመቁጠሯ ዋስ ስላልተገኘ ሐሳቡ ቀረ። አንዲት ግራኝ ልጅ ግን የአዳራሹ መድረክ ላይ ሲሯሯጡ ሽብልቁ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ሲሸሽ አየች። መድረኩ እንጨት ነው፤ ውስጡም ባዶ ነው። ሲረግጡት ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ በኋላ የቀረው መፈግፈግ ነበር። ሽብልቁ ሲለሰልስ ቅጥሩ ገና በሁለተኛው ዙር ተናደ። አዲስ ሽብልቅ ጠርበው ሸካራ ሲያደርጉት እነሱ ደክመው እስኪቀመጡ ቆመ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲሉ ከርመው በሰባተኛው ዙር ወደቀላቸው፤ ቢደግሙትም ያው ሆነ።

እህቱን ጠርቶ አሳያት። ተንበርክካ መድረኩ ሥር አየች፤ መጋረጃውንም ገለጠች። ሲባጎ የለም፣ ልጅም የለም።

«ታዲያ ምን ጣለው?»

«እግራቸው።»

አሰበች። «በመጽሐፉም የዞሩት በእግራቸው ነው» አለችና ወጣች። በእነሱ ቤት ይህ ምስጋና ነው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ራሳቸው እንደሚመጡ የሰሙት ርእሰ መምህርት ለክብራቸው ሲሉ የጸሎት ቤቱን ወፍራም ቀይ ምንጣፍ አስመጥተው በማለዳ መድረኩ ላይ አስነጠፉ። መምህሩ ምንጣፉን ያየው መጋረጃው ሲከፈት ነው። ልጆቹ ተሰልፈዋል።

መዞር ጀመሩ። እንደ ልምምዳቸው ረገጡ፤ ድምፅ ግን የለም። ዙሩ እየጨመረ ሄደ። በሰባተኛው መለከቱ ተነፋ፣ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ቅጥሩ ቆመ። ሽብልቁ ከግማሽ በላይ ወጥቶ ቀርቷል። አንድ አባት ጭብጨባ ጀመረና ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ እጁን ኪሱ ከተተ። ግራኟ ልጅ መለከቱን ሳታወርድ መምህሯን አየችው። እሱ እግሯን አየ። እሷም ወደ እግሯ አየች፤ መለከቱን ዝቅ አደረገችና ከንፈሯ ብቻ «ምንጣፉ» አለ።

ርእሰ መምህርቷ ያላቸው ብልሃት የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ማዛባት ብቻ ነበርና ሰብሳቢውን ንግግር እንዲያደርጉ ጋበዟቸው። ሰብሳቢው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ወንበር እንኳ የሚቀርብላቸው ተመርጦ ነው። ወጡ። «ቅጥሮች እኛ ባልንበት ሰዓት አይወድቁም» ብለው ጀመሩ። ምንጣፉን አልፈው ባዶው እንጨት ላይ ቆሙና ተረከዛቸውን አጠንክረው እየረገጡ «እግዚአብሔር ባለው ሰዓት እንጂ!» ሲሉ ቅጥሩ ድርምስ ብሎ ወደቀ። አንዱ ካርቶን ተንከባሎ ጫማቸው ሥር ቆመ።

አዳራሹ ተነሣ። ያለቀሱም ነበሩ። ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ ቆዩ፤ መቼ ማውረድ እንዳለባቸው አላወቁም።

ርእሰ መምህርቷ በሕዝቡ ፊት መምህሩን ጠየቁት። «ሲባጎ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«የጎተተ ሰውስ ነበረ?»

«አልነበረም። ሽብልቁ ግን…»

የቀረውን ጭብጨባው ዋጠው።

ይህን ጊዜ እህትየዋ ወደ መድረኩ ወጣች። ከካርቶኖቹ መሐል ሽብልቁን ፈልጋ አወጣችና ለሰብሳቢው ሰጠቻቸው። «የጣለው ይህ ነው» አለች በማይክሮፎኑ። «ልጆቹ ናቸው የፈገፈጉት፤ ያስተማራቸውም ወንድሜ ነው። እርስዎም ከበድ ይላሉ።»

ሰብሳቢው ሽብልቁን ለአንዱ ልጅ አቀብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁሉም ለክብር በሚሻማበት በዚህ ዘመን፣ አሉ፣ አንዲት የእምነት መምህርት ክብሯን ለቁራጭ እንጨት ስትሰጥ አየን። እንደገና ተጨበጨበ።

ሻይ ላይ ሰብሳቢው እንዲህ ያለች መምህርት የራሷ የጸሎት ክፍል ሊኖራት ይገባል አሉ። ርእሰ መምህርቷም ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ክፍል እንዳለች አስታወሱ። የመዘምራኑ አሠልጣኝ አዘነ፤ ለክቶ ጨርሶ ነበር። እህትየዋ አልፈልግም አለች። ይህም ከትሕትናዋ ተቆጠረላት።

ወንድሟን ጥግ ላይ አገኘችው። «አንተ ልጅ፣ እኔ አልጠየቅሁም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ተቀብዬ ላንተው ብመልስልህስ?»

«የጸሎት ክፍል ውስጥ መጋዝ?»

«ጌታ አናጢ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር» አላት። «ቦርድ ግን አልነበረበትም።»

ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። ልጆቹ መጥተው እጇን ጎትተው ወሰዷት፣ ዘማች ጎድሏቸው ነበር።

እሱ ወደ ክፍሉ ሄዶ መጋዙን፣ መዶሻውንና መሮዎቹን ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። ሜትሩ ገና አልተመለሰም። የቀረውን ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተወው።

መውጫው በአዳራሹ በኩል ነው። እንግዶቹ ሄደዋል። ልጆቹ ምንጣፉን ጠቅልለው ግድግዳው ሥር ጥለውታል፤ ካርቶኖቹ እንደገና ተደርድረዋል፤ ሽብልቁም ቦታው ገብቷል። ያልወደቀው በምንጣፉ ነው የሚሉና ጮክ ብለን አልጮኽንም የሚሉ ተከራክረው፣ ለመሞከር ተስማምተው ይዞራሉ። እህቱ ከሰልፉ መጨረሻ ነበረች።

«መምህርት፣ ጠንከር አድርገው ይርገጡ እንጂ» አለቻት ግራኟ ልጅ።

እህቱ ጠንከር አድርጋ ረገጠች።

«አራተኛ ዙር!»

ሣጥኑን ተሸክሞ በግድግዳው ጥግ አለፈ። ዓይናቸው ሁሉ ሽብልቁ ላይ ነበር። በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ቢያንጓጓው ሽብልቁ ያለ ጊዜው ይንሸራተት ነበር።