ቁራው ያልነካው ሩዝ

ቁራው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ለሟች የቀረበው ድቡልቡል ሩዝ ኩሬው ዳር ቅጠል ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይመታዋል፤ ቁራ ሆዬ ግንቡ ላይ ላባውን ያበጥራል። ማዱካር ከሞተ ዛሬ አሥረኛው ቀን ነው። በአገሩ ልማድ የሟች ነፍስ በቁራ ትመጣለች፤ ቁራው ሩዙን ካልነካ ሟቹ በሆዱ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ተራ በተራ ቃል ይገባል።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ዲጋምበር ጀመሩ። እናታችንን እጦራለሁ አሉ። ቁራው ዝም። ልጅህን ሙክታን አስተምራለሁ አሉ። ዝም። ለጥሩ ባል እድራታለሁ ሲሉ ጭራሽ ጀርባውን ሰጣቸው።

እዚህ ላይስ ቁርጥ አባባን፣ አለች ሙክታ በሆዷ።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ለሐዘኑ ሲባል ቤታቸው እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ኪችዲ የሚሉትን የሩዝና የምስር ቅቅል ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያንሾካሹካል። ልጅቷ አንዲት እንባ አላወጣችም ሲሉ ሰምታለች። ይበሉ። እናቷ አጠገብ ግን አሥር ቀን ሙሉ መቀመጥ አልደፈረችም።

አባቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበር። የደም ካንሰር ሲይዘው ሐኪሞቹ የገዛ ደሙን ሴሎች ቀድተው፣ ካንሰር መግደል አስተምረው መለሱለት። ሴሎቹ ከልክ በላይ ጎበዝ ወጡ። ትኩሳቱን ሰቀሉት፤ አንጎሉንም ሊነኩት ይችላሉ ተባለ። ስለዚህ ነርሷ ጠዋት ማታ ትፈትነዋለች፦ ዓመቱ ስንት ነው፣ ከተማው ማን ይባላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ከመቶ በአሥር በአሥር ወደ ታች ቁጠር። አንድ ቀን «የዚህ ቤት ሻይ የታመመ ውሃ ነው» ብሎ ጽፎ አስቋታል። ከወደቀ ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል። እዚያ እንዳታስገቡኝ፣ በመስታወት እያያችሁኝ ማንን ላናግር ነው ብሎ ለምኗቸው ነበር።

ሴሎቹ በተመለሱለት በአምስተኛው ቀን ጠዋት መቶ፣ ዘጠና፣ ሰማንያ አለና ቆመ። ዓይኑ ሙክታን ፈለገ። ነርሷ ወደ መሣሪያው ስትዞር ሙክታ በከንፈሯ ብቻ ሰባ አለችው። ከዚያ ስልሳ። እንዲህ እያለች እስከ አሥር አደረሰችው። ትምህርት ቤት በፈተና ሰዓት ለጓደኞቿ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ነው። አሥር ከአሥር አገኘ። ማታ ሊፈትኑት ሲመጡ የገዛ ስሙ ጠፍቶበታል። ስምንት ቀን በመስታወት አዩት።

ዲጋምበር ቃል ሲያልቅባቸው፣ በቁራው ፋንታ ሩዙን የሚያስነኩበትን የሣር ቁራ መጠምዘዝ ጀመሩ።

«ያስኮረጅኩት እኔ ነኝ» አለች ሙክታ። «አባባ አልቆጠረም። ቀድመው ቢያውቁ ሴሎቹን የሚያረግበውን መድኃኒት ጠዋት ይሰጡት ነበር።»

 ቁራው በረረ።

«አይቼሻለሁ» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «በሩ ላይ ነበርኩ። ነርሷን ልጠራ አፌን ከፍቼ፣ ይወስዱብኛል ብዬ ዘጋሁት።»

ዲጋምበር የሣሩን ቁራ ሩዙ ላይ አስነኩ። ሰው እጁን ሊታጠብ ወደ ውሃው ወረደ። እናቷ የኩሬው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቀረች። ከጎኗ የተነጠፈውን የሳሪዋን ጫፍ ሰብሰብ አደረገችና ድንጋዩን በመዳፏ ለሙክታ ጠረገችላት።