የእትዬ ትሁኔ ቤት ክፍሎች

እትዬ ትሁኔ ከፖስታ ቤት ጡረታ ወጥተው የምልክት ቋንቋ ተምረው የጨረሱ ዕለት ቤታቸው አንድ ክፍል ጨመረ። ሳሎኑ ጥግ ላይ ቁም ሣጥን በነበረበት ቦታ በር ተገኘ፤ ከበሩ ወዲያ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ነበር። ቁም ሣጥኑ ዕቃው ሳይነካ መኝታ ቤት ገብቷል።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ግድግዳ እንጋራለን። ደሴ ውስጥ ግድግዳ የሚጋራ ሰው ምስጢር ስለሌለው ወዲያው አየሁት። የቀበሌው መሐንዲስም መጥቶ ከውጭ ለካ፣ ከውስጥ ለካ፣ ራሱን አከከ።

"ከውጭ አንድ ስንዝር አልጨመረም" አለ። "ከውስጥ የሚያድግ ቤት እኔን አይመለከተኝም።"

እውነቱን ነው።

እትዬ ትሁኔ በዚያ አላበቁም። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ማጠብ ተማሩ፤ ክፍል ተጨመረ። ሬዲዮ መጠገን ተማሩ፤ ሌላ ተጨመረ። የተማሩትን ደግሞ ይዘው አይቀመጡም። መስማት የተሳነው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ አብረው ሄደው ያስተረጉማሉ፤ ቁስለኛው ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ ለዚህ ሁሉ ከማንም ምንም አይቀበሉም። እኔ ከመጋዘን ጥበቃ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ እታዘባለሁ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ሲኖር ሰው ይናደዳል፤ እኔ ግን ከመናደዴ ይልቅ አደንቃቸው ነበር።

ከዚያ የባለቤታቸው የጋሽ ይማም በሮች መዘጋት ጀመሩ። ጋሽ ይማም ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበሩ የሚያውቁት ብዙ ነው፤ የእሳቸው ክፍሎች በጓሮ በኩል ተደርድረዋል። አንድ ጠዋት የሞተር ክፍላቸው በር ጠፍቶ በቦታው በኖራ የተቀባ ግድግዳ ቆሞ ተገኘ። ያን ዕለት ጋሽ ይማም ሲረግጡት የኖሩትን ፔዳል "ፍሪሲዮን ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

ዶማ አምጥቼ ግድግዳውን ቆፈርኩ። ቀዳዳው የራሴ ሳሎን ውስጥ ወጣ። ባለቤቴ በቀዳዳው አይታኝ ምሳ ደርሷል አለችኝ።

ዘዴውን ያገኙት እትዬ ትሁኔ ናቸው። የጋሽ ይማም የአፋርኛ ክፍል በር እየጠበበ ሲሄድ ባላቸው ፊት ተቀምጠው ሰላምታውን አስተምረኝ አሉ። እሳቸው አሉ፤ እትዬ ትሁኔ ደገሙ፤ ተሳሳቱ፤ እንደገና ደገሙ። ሲይዙት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ክፍሉ የሚፈልገው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማን እንደሚያውቅ ግድ የለውም።

ስለዚህ ሰፈሩን ጠሩ።

"ምን ይዘን እንምጣ?" አልኩ።

"ባዶ እጅ። ልትማሩ ነው። አንተ የጭነት መኪና ሸራ አስተሳሰሩን ትይዛለህ፣ አያ ሙሄ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ሌላ ዕድሜ አለህ?"

ገመዱን ይዤ ጋሽ ይማም ፊት ቁጭ አልኩና እንደለመድኩት አሰርኩ።

"ይኼ የመጋዘን ቋጠሮ ነው" አሉ ጋሽ ይማም። "መጋዘን ቆሞ ያድራል፤ መኪና ይሮጣል። ፍታው።"

ፈታሁ፤ አሰርኩ፤ ፈታሁ። በሩ እጅ ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን ቋጠሮው ያዘልኝ፤ በሩም ተመልሶ ተከፈተ። በጣም ደስ አለኝ። ቤቴ ስመለስ እኔም ዘንድ አንዲት ጠባብ ክፍል ተጨምራለች። ባለቤቴ ሽንኩርት አስቀምጣባታለች።

ከሞተሩ በቀር ሁሉንም ክፍሎች እንዲህ አዳንን፤ የቀረው የመጨረሻው ነው። አንድ ቀን ጋሽ ይማም እትዬ ትሁኔን ቀና ብለው አዩና "ማንን ፈልገው ነው፣ እመቤቴ?" አሉ። በስተመጨረሻ ያለው በር መጥበብ ጀመረ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ጋሽ ይማም ስለ ሚስታቸው የሚያውቁት ነው። እሱን ማናችንም ልንማርላቸው አንችልም።

እትዬ ትሁኔ ነጠላቸውን አስተካክለው በርጩማ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጡ።

"ትሁኔ የምትባል ሴት አለች" አሉ። "አስተምሩኝ።"

ጋሽ ይማም መሪ እንደሚይዝ ሰው እጃቸውን አነሡ። "ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ወረደብን" አሉ። "መንገዱ አይታይም። ገና ሙሽራዬ ናት፤ ጋቢና ከጎኔ ነች። ፋኖስ ይዛ ወረደች። ከፊት ከፊቴ እየሄደች ኮምቦልቻ አደረሰችኝ።"

"አልፈራችም?"

"ትዘፍን ነበር። ስትፈራ ትዘፍናለች።"

"ይህን አላውቅም ነበር" አሉ እትዬ ትሁኔ። ከዚያ እንደ አፋርኛው ቃል በቃል ደገሙት። አንድም ቃል አልተሳሳቱም። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

በሩ ሳይዘጋ ቀረ። ጋሽ ይማም ግን አላወቋቸውም። "ጎበዝ ተማሪ ነዎት" ብለው ሻይ ጠየቁ።

ዛሬ ጠዋት ገመዱን ልመልስ ገባሁ። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ግን ከመጨረሻው በር የሚወጣ ጉም ጉልበቴ ደርሷል። ከውስጥ የፋኖስ ብርሃን ይታያል፤ የአንዲት ወጣት ሴት ዘፈንም እየራቀ ይሰማል። እትዬ ትሁኔ አጠገቤ ቆመው ሻይ እየቀዱ ነበር፤ የሚዘፍኑት እሳቸው አልነበሩም። የጋሽ ይማም ቀኝ እግር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ወለሉን ቀስ አድርጎ ረገጠ። ጉሙ ውስጥ የመኪና ፍሬን ሲጢጥ አለ። ዘፈኑ ተቋረጠ፤ ፋኖሱም ዞሮ ጋሽ ይማምን ጠበቃቸው።