የመርሳው ልጅ

ኑርሀያት ሰላሀዲንን ስታገባ ሁለተኛ ትዳሯ ነበር። የመጀመሪያ ባሏ የውጫሌ ነጋዴ ነው፤ ዓመታት ጠብቆ ልጅ ሲያጣ ያለ ጠብ ፈታትና ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሰላሀዲን ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው ሽማግሌ የላከው። እሱ የመንገድ ሥራ የግሬደር ነጂ ነበር፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈውን መንገድ ሲጠርግና ሲደለድል የኖረ፣ ሠላሳ አምስቱን አልፎ ገና ጎጆ ያልወጣ ዝምተኛ ሰው።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሐይቅ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ፈንጠር ብላ ወደ ቆመችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቱ ገባች። ቤቱም ሰውየውም ተመቿት። ጠዋት ሲወጣ የጎደለ ነገር እንዳለ ይጠይቃታል፤ ሲመለስ ታጥቦ፣ መግሪብ ሰግዶ አጠገቧ ይቀመጣል። የገረማት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአልጋው ሥር የተቆለፈ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ቁልፉ ከሰላሀዲን ኪስ አይወጣም። ወንድ የራሱ ሣጥን ቢኖረው ነውር አይደለም ብላ ሳትጠይቅ አለፈችው።

በጋው ሲገባደድ ኑርዬ የሚባል ሰው ደጃፏ ቆመ። የሰላሀዲን አብሮ አደግ ነው፤ በጭነት መኪና ከአሰብ ወደብ ሸቀጥ ያመላልሳል። ሰላሀዲን ሥራ ላይ መሆኑን ስትነግረው በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ከኪሱ አወጣ።

«ለሱ ስጪልኝ እቴ። ሰው ፊት እንዳትሰጪው፣ ያፍራል» ብሏት ሄደ።

ኑርሀያት ጨርቁን ላለመፍታት ትንሽ ታገለች፤ ከዚያ ፈታችው። ውስጡ ከአውራ ጣቷ ብዙም የማትበልጥ የብረት መኪና ነበረች። ቀይ፣ ጎማዋ የሚሽከረከር፣ በሯ በጥፍር የሚከፈት። የልጅ መጫወቻ ናት። ልጅ የሌለው ሰው የልጅ መጫወቻ ምን ያደርግለታል?

ሲመጣ ሰጠችው። ፊቱ ቀላ። «ኑርዬ ነው?» ብቻ ብሎ ኪሱ ከተታት። በማግስቱ በወልዲያው መንገድ ላይ ወዳለችው መርሳ ለሥራ ሄደ፤ እዚያ ድንኳን ተክለው ይሰነብቱ ነበር። ያኔ ኑርሀያት ሁሉም ነገር የተገለጠላት መሰላት። መርሳ ላይ ልጅ አለው። ሳያገባ የወለደው፣ ስሙን ለማንሣት የሚያፍርበት ልጅ። መካን መሆኗን እያወቀ ሳያቅማማ የጠየቃትም ለዚህ ነው፤ እሱ ዘሩን አግኝቷል።

መጀመሪያ በጣም ከፋት። ጓዟን ሸክፋ ወደ አባቷ ቤት ለመመለስም አስባ ነበር። ልብስ ይዛ ወደ ሐይቁ ወርዳ ስታጥብ ግን ሐሳቧ ከሰውየው እየተነሣ ልጁ ላይ ያርፍ ጀመር። መኪና የሚጫወት ከሆነ አምስት ስድስት ዓመት ይሆነዋል። እናቱስ አለችለት? አባቱ ሥራውን ጨርሶ በተመለሰ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሞ አቧራውን ያይ ይሆን? ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ሲሰማ ቀና አለች፤ አንዱን ሸሚዝ ብቻ ስታሽ መዋሏን ያኔ አወቀች።

ሰላሀዲን ሲመለስ አልተጣላችውም። ነጭ ክር ገዝታ በኪሮሽ ትንሽ ኮፍያ ትሠራ ጀመር። ልኩን ስለማታውቅ የጎረቤቷን የጸዳለን ልጅ ጠርታ ራሱ ላይ ለካች። ጸዳለ ለማን እንደሆነ ስትጠይቃት ለቤታችን ልጅ ነው አለቻት። ውሸት እንዳልመሰላት ለራሷም ገረማት።

ኮፍያው ባለቀበት ጁምዓ ሰላሀዲን ከመስጊድ እስኪመለስ ጠብቃ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ልጁን አምጣው» አለችው።

«የቱን ልጅ?»

«የመርሳውን። እኔ አሳድገዋለሁ። እናቱ ካለችም ቅር እንዳይላት ሽማግሌ ልከን እንጠይቃታለን። ወላሂ እንደ እንጀራ ልጅ አላየውም።»

ሰላሀዲን ኮፍያውን አገላብጦ አየው። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ጆሮው ድረስ ቀላ። ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ጎተተና ከፈተው። ጥጥ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ መኪኖች ነበሩ፤ ሰማያዊ የጭነት ፊያት፣ አረንጓዴ ላንድሮቨር፣ ቢጫ ቮልስ፣ ጎማዋ የወለቀ ጂፕ፣ ሌሎችም። ቀይዋ ዳር ላይ ተቀምጣለች።

«ልጅ የለኝም» አለ ዓይኗን ሳያይ። «የኔ ናቸው።»

እየተንተባተበ ነገራት። ሥራ በጀመረበት ሰሞን ደሴ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ሰማያዊውን ፊያት አየ። ትቶ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ለወንድሜ ልጅ ነው ብሎ ገዛው። ወንድም የለውም። ከዚያ ወዲህ ኑርዬ ከመርከበኞች እጅ እየፈለገ ያመጣለታል። ለምን እንደሚወዳቸው አያውቅም፤ መዳፉ ላይ ሲያኖራቸው ክብደታቸው ደስ ይለዋል፤ ሲወለውላቸው ልቡ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ ካምፕ ውስጥ ታይቶበት ክረምቱን ሙሉ ተሳቀበት። ቁልፉ የመጣው ያኔ ነው።

ኑርሀያት እፎይ አለች። ሳቋም መጣ። ሳቁ ግን ሳያልቅ እንባዋ ወረደ። ሰላሀዲን በሱ ሞኝነት ያዘነች መስሎት ሣጥኑን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዘችው።

«ታዲያ ልጁ የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

«እኔኮ ለምጄው ነበር» አለች።

ስለ መውለድ ከዚያ በፊት ተነጋግረው አያውቁም። ሰላሀዲን የሣጥኑን ክዳን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ልጅ እንደማይመጣ አውቄ ነው ያመጣሁሽ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነበር። ከተፈታሽ በኋላ የቀድሞ ባልሽ እናት ስትታመም ሄደሽ ማስታመምሽን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። የፈለግሁሽ በዚህ ነው። አብሽሪ።»

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እንባዋን ጠርጋ፣ ላንድሮቨሩን አንሥታ፣ ይህስ ምን ይባላል ብላ ጠየቀችው።

መኪኖቹ ከአልጋ ሥር ወጥተው ግድግዳው ላይ መደርደሪያ እንዲሠራላቸው ያደረገችው እሷ ናት። ሰው ሳቀ፤ ጸዳለም ሳቀች፤ ሰንበት ሲል ግን ተለመደ። ሰላሀዲን ለምን ከስብሰባ እንደቀረ ሊጠይቅ የመጣው የቀበሌ ሊቀ መንበር ሳይቀር የላንድሮቨሩን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ቆይቶ የመጣበትን ረሳው። ኑርዬ ያመጣውን አሁን ለሷ ነው የሚያስረክበው። አንድ ቀን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ይዞ ቢመጣ፣ ሰው እንዴት በሰው ራስ ላይ ይቀመጣል ብላ ብዙ ተሟገተችው፤ በኋላ ይቺ የኔ ናት ብላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። መስከረም ላይ መንገዱ በግሸን ማርያም ተጓዦች አውቶቡስ በአውቶቡስ ሲሆን ባልና ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ከሩቅ በድምፁ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። አንዳንዴ እሷ ትረታለች።

በ1977 መንገዱን የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች ሞሉት። ሰላሀዲን ያለ ዕረፍት ድልዳል ላይ ዋለ። ኑርሀያት ከአምባሰል ተራሮች የወረዱ ሰዎች ባረፉበት መጠለያ ገንፎ ለማገንፋት ትሄድ ነበር፤ ሰው ያልቀረላትን አሲያ የምትባል የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን እዚያ አገኘቻት። መጠለያውም ቀበሌውም ሲፈቅዱ አዝላ ወደ ቤት አመጣቻት።

ሕፃኗ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቃል ግን አታወጣም። ሰላሀዲን መኪኖቹ ያናግሯት ይሆናል ብሎ አሰበ። ከመደርደሪያው አውርዶ ሰሌን ላይ ደረደረላትና ለራሱ እንኳ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ፊያቱን ነዳላት። አሲያ አየችው። ከዚያ ክብ ክብ ያለችውን ቢጫ ቮልስ አንሥታ በቀሚሷ ጫፍ ጠቀለለቻት፤ ደረቷ ላይ አስተኝታ ቸብ ቸብ ታደርጋት ጀመር።

«ዝም በል» አለችው። «ተኝታለች።»

ኑርሀያት ከጓዳ ብቅ ብላ በሩን ተደግፋ ቀረች። ሰላሀዲን የፊያቱን ሞተር አጠፋ።