የላሰልስ ጉልበት
ለንደን ውስጥ ብሪክስተን አደባባይ ባለው የካሪቢያን ዘማቾች ሐውልት ሥር ዘንድሮ የአበባ ጉንጉን እንዲያስቀምጥ የተመረጠው ላሰልስ ነው። የድሮ ጓደኛውን ኤግበርትን ቅናት እንደ ብል በላው። ሁለቱም ከጃማይካ በአንድ መርከብ መጥተው በእንግሊዝ አየር ኃይል አብረው አገልግለዋል፤ በዶሚኖ እንኳ ላሰልስ አሸንፎት አያውቅም።

የመታሰቢያው መለከት ተነፍቶ ሲያበቃ ላሰልስ ወደ ኤግበርት ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ካጎነበስኩ አልነሳም።»

«እዚያው ቅር! ሁለተኛ ሐውልት ትሆናለህ።»

«አንተ ምቀኛ ሽማግሌ፣ ክንዴን ያዝልኝ!»

ኤግበርት አመነታ፤ ሲወድቅ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ከዚያ የጋዜጠኞቹ ካሜራዎች በየት በኩል እንደቆሙ አየና በዚያው በኩል ዞሮ ክንዱን ደገፈው።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ በወጣው ፎቶ የኤግበርት የደረት ሜዳሊያዎች አንድ ሳይቀር ይታያሉ። ከላሰልስ የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ነው።