የጀላል ምሳ ዕቃ

ባሌ ጀላል ኮምቦልቻ ላይ ሴት እንዳለችው የጠረጠርኩት በምሳ ዕቃው ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ምሳውን ቋጥሬ፣ የውሃ ጠርሙሱን ሞልቼ ኮምቦልቻ ወዳለው ልብስ ስፌት ቤቱ እልከዋለሁ። ማታ ሁለቱም ባዶ ይመለሳሉ። ታዲያ ምሳ የበላ ሰው እቤቱ ሲገባ እንደዚያ ይስገበገባል? የኔን ወጥ ሌላ ሴት እየበላችው ነው አልኩ። ጣውንት!

አንድ ኩላሊቱ በካንሰር ከወጣች ወዲህ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። «የቀረችው አንዷ ናት፤ ውሃ እንዳይጎድልባት። ከእንግዲህ ጾምም የለም።» ባለፈው ሳምንት ደሙን መርምሮ ፊቱን አጨማደደ።

«ኩላሊትዎ እየደከመች ነው። ውሃ ይጠጣሉ?»

«እንዴታ!» አለ ጀላል። እኔም ወላሂ ብዬ መሰከርኩለት፤ ጠርሙሱ ባዶ ይገባ የለ!

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ተከተልኩት። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ሲደርስ ምሳ ዕቃዬን ይዞ ከስፌት ቤቱ ወጣ። መጣች በቃ ብዬ ነጠላዬን አጠበቅኩ። እሱ ግን መስጊዱ በር ላይ ለሚለምኑ ሽማግሌ ምሳውን ሰጣቸው። ከዚያ ቧንቧው አጠገቡ እያለ፣ በጠርሙሱ ውሃ እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ አደረገ። የኩላሊቱን ውሃ መሬት ጠጣችው።

«ጀላል!»

ክው አለ። «ራሂማ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ጣውንቴን ልጠይቅ! ለምን አትጠጣም?»

አቀረቀረ። «ጾመኛ ነኝ። ሐኪም ቤት ተኝቼ ያለፈኝ የረመዳን ጾም ዕዳ፣ ቀዷ አለብኝ። አላህ ፊት ሳልከፍል ልቅረብ?»

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፀጉሯን እነጭላት ነበር። ከአላህ ጋር ምን ብዬ ልጣላ? አስተግፊሩላህ! ፈራሁ፤ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

«ሐኪም የከለከለው በሽተኛ በጾሙ ፈንታ ድሃ ያበላል፤ ፊድያ ሲባል አልሰማህም?» አልኩት። ሽማግሌውን አሳየሁት። «ይሄው እያበላህ አይደል እንዴ!»

ጀላል ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ። «ፊድያ ይሁንልኝ ብዬ ነይቼ አልሰጠሁማ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምረህ ነይት!»

ከሱቅ ውሃ ገዝቼ ሰጠሁት። ትን እስኪለው ጠጣ።

አሁን ሁለት ምሳ ዕቃ እቋጥራለሁ፤ አንዱ የሽማግሌው ነው። ጠርሙሱን ግን ለጀላል አልሰጠውም። ራሴ ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ውሃው በጉሮሮው ሲወርድ ሳላይ ንቅንቅ አልልም። ባሌን እወደዋለሁ። አላምነውም።